ዓይኑን የማይከልል ጋሻ

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ። የመዶሻው ድምፅ ገና ከዋናው መንገድ ጀምሮ ጆሮ ይይዛል። እዚህ ያረጀ በርሜል ተቀዶ ምድጃ ይሆናል፤ ከፈረሰ ግንብ የወጣ ፌሮ ተቃንቶ እንደገና ለሽያጭ ይደረደራል፤ የተጣለ ነገር ሁሉ ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል። ከአንዲት ጠባብ የብየዳ ቤት ደጃፍ ላይ አንዲት ወጣት የዱር እንስሳት ተመራማሪ ከቦርሳዋ ከእጅ መዳፍ ብዙም የማትበልጥ ቡናማ ካሜራ አውጥታ ለበያጁ ሰጠቻቸው።

“ጋሼ፣ ይህችን የሚይዝ የብረት ሳጥን እንዲሠሩልኝ ነው። ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ነው የምትታሰረው። ጅብ ቢነክሳት እንዳትሰበር፣ ሰውም ቢያያት በቀላሉ ፈትቶ እንዳይወስዳት።”

ሰውየው ካሜራዋን ገለባብጠው አዩዋት። “ይኼማ ምን አለው ልጄ? በሦስት ሚሊ ላሜራ ዙሪያዋን ግጥም አድርጌ እዘጋልሻለሁ። ለዓይኗ አንዲት ቀዳዳ እተውላታለሁ።”

“አንድ ቀዳዳ አይበቃትም ጋሼ። ሦስት ዓይን ነው ያላት።”

የሥራው ችግር በሙሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። የብረት ሳጥን መሥራት ለምናለሽ ተራ ባለሙያ ከባድ አይደለም። ከባዱ የሚጠብቀውን ነገር ሳያሳውር የሚጠብቅ ሳጥን መሥራት ነው። አስተማማኝ መስለው ካሜራውን ከጥቅም ውጭ ያደረጉ ሳጥኖች አይቻለሁ። በአንጻሩ በቀጭን ላሜራ ተሠርተው፣ ቀዳዳቸው በልኩ ስለተቆረጠ ብቻ፣ ዓመታት ያገለገሉም አሉ።

የጫካ ካሜራ ፎቶ የሚያነሳው ማንም ሳይነካው ነው። ከፊቱ ካሉት ሦስት ዓይኖች አንዱ እንደማንኛውም ካሜራ ምስል የሚቀርጸው ሌንስ ነው። ሁለተኛው በጨለማ የሚያበራው የጥቃቅን አምፖሎች ረድፍ ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ ከታች በኩል ነጣ ብሎ የሚታየው፣ ሙቀት የሚያነብበው ሴንሰር ነው። የነብርም የሰውም አካል ለዓይን የማይታይ የሙቀት ጨረር ያወጣል፤ የሞገድ ርዝመቱም 10 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። ሴንሰሩ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ክፍሎች አሉት። ከጀርባው ካለው ነገር የሚሞቅ ወይም የሚቀዘቅዝ አካል ከፊቱ ሲያልፍ ጨረሩ ከአንደኛው ክፍል ወደ ሌላው ይሻገራል፤ በመካከላቸው የኤሌክትሪክ ልዩነት ይፈጠራል፤ ተኝቶ የነበረው ካሜራም ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነቅቶ ያነሳል።

ሐሳቡ አሮጌ ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ሺራስ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በሚሺጋን ደኖች የዱር እንስሳትን በሌሊት በብልጭታ ያነሳ ነበር። በአንዳንዶቹ ሥራዎቹም የተወጠረ ገመድ የነካው እንስሳ ራሱ ካሜራውን ያስነሳ ነበር። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1906 ከፎቶዎቹ 74 ያህሉን በአንድ እትም አወጣ። ዛሬ ግን መሣሪያው ረክሶና አንሶ በየአገሩ ጫካ ገብቷል። እኛም ዘንድ እ.ኤ.አ. በ2016 በሱዳን ድንበር፣ ከሱዳኑ ድንድር ፓርክ ጋር በሚዋሰነው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ መኖሩ ሲረጋገጥ፣ ከዱካው ሌላ ዋናው ማስረጃ ዛፍ ላይ የታሰሩት ካሜራዎች ያነሱት ምስል ነበር። የአካባቢው ሰው ቀድሞም “አንበሳ አለ” ይል ነበር። ፎቶው የሱን ቃል ለዓለም አደረሰለት።

እንዲህ ያለ ማስረጃ የያዘች ካሜራ ግን ሌሊትና ቀን ያለ ጠባቂ ሜዳ ላይ ነው የምትውለው። ጅብ አዲስ ነገር ሲያገኝ በጥርሱ ነው የሚመረምረው። ጃርት ያኝካል። ዝንጀሮ ማሰሪያውን እየጎተተ አቅጣጫዋን ያዞራል። ዝሆን ባለበት አገር ካሜራዋ በኩንቢ ተነቅላ መሬት ላይ ልትረገጥ ትችላለች። ሰውም አለ። አውስትራሊያዊው ተመራማሪ ፖል ሚክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት ከብዙ አገሮች ባለሙያዎችን ጠይቀው የካሜራ ስርቆትና ጥፋት የአንድ አገር ወይም የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳልሆነ አሳይተዋል። ጉዳቱ ደግሞ ከካሜራው ዋጋ በላይ ነው። የነብርን ቁጥር የሚያጠኑ ሰዎች በየጣቢያው ሁለት ካሜራ ፊት ለፊት ያስራሉ። የአንዱ ነብር ነጠብጣብ ከሌላው ይለያል፤ የግራ ጎኑና የቀኝ ጎኑም እርስ በርሱ አይመሳሰልም፤ ስለዚህ ሁለቱም ጎን በአንድ ጊዜ መነሳት አለበት። ከጥንዱ አንዷ ከጠፋች የቀረችው ብቻዋን ግማሽ ምስክር ናት። ካሜራዋ በገንዘብ ትተካለች። በውስጧ የነበረው፣ የወራት ምስል የያዘው ካርድ ግን አይተካም።

ወደ ምናለሽ ተራው ብረት እንመለስ።

በያጁ ያሉት ሦስት ሚሊ ላሜራ ጠንካራ ነው፤ ችግሩ ክብደቱ ነው። ቁመቱ 18፣ ወርዱ 13፣ ጥልቀቱ 10 ሳንቲ የሆነ ሳጥን በሦስት ሚሊ ቢሠራ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። በሁለት ሚሊ ከተሠራ 1.7 ኪሎ ገደማ ነው። ለአንድ ሳጥን ልዩነቱ ትንሽ ነው። አርባ ሳጥን ወደ ባሌ ተራሮች በፈረስ ለሚያወጣ ቡድን ግን የ30 ኪሎ ያህል ልዩነት ነው፤ ያም የባትሪና የስንቅ ቦታ ነው። ከዚህ ያነሰውስ? አሮጌ በርሜል በርካሽ ይገኛል፤ ውፍረቱ ግን አንድ ሚሊ ገደማ ነው። ብየዳው ይበሳዋል፤ በጠፍጣፋ ብረት የሚፈለቅቅ ሰውም ያጥፈዋል። ከዚህ የሚከፋው አደጋ ከስስነቱ አይመጣም። ነዳጅ ወይም ኬሚካል የነበረበት ዝግ በርሜል በግራይንደር ወይም በብየዳ ሲነካ በውስጡ የቀረው ተን ሊፈነዳ ይችላል። ዚንክ የተቀባ ላሜራም ሲበየድ ነጭ ጭስ ያወጣል፤ ያንን ጭስ የሳበ ሰው ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይለዋል። ብዙ በያጆች ወተት ይጠጡበታል። ወተት ግን ጭሱን ከሳንባ አያወጣም። መድኃኒቱ ዚንኩን ከመበየጃው መስመር ላይ ፍቆ ማንሳት፣ ንፋስ ባለበት መሥራትና ጭሱን የሚያጣራ ጭንብል ማድረግ ነው። ይህን አጥብቄ የምጽፈው የዱር እንስሳ ለመጠበቅ ተብሎ የበያጅ ጤና መጎዳት ስለሌለበት ነው።

ሁለት ሚሊ ላይ ተስማሙ።

ልኩ የተወሰደው ባትሪዎቹን በሙሉ ከጎረሰችው ካሜራ ላይ ነው። ከወረቀት ላይ ልክ የሚወስድ ሰው የማሰሪያውን ጆሮ፣ የመዝጊያውን ጉብታና ከታች ያለውን የማቆሚያ ቀዳዳ ይረሳል። ካሜራዋ ሳጥኑ ውስጥ ወዲያና ወዲህ መንቀሳቀስ የለባትም፤ ከተንቀሳቀሰች በንፋስ ጊዜ ሁሉ አቅጣጫዋ ይዛነፋል። ግጥም ብላ ከተጣበቀችም ባትሪ ለመቀየር ጥፍር ይሰበራል። በየጎኑ ሦስት አራት ሚሊ ትተው ክፍተቱን በስስ ላስቲክ መሙላት በቂ ነው። በያጁ ላሜራውን ሞርሳ ላይ አጥፈው ከአንድ ቁራጭ ሦስት ግድግዳ አወጡ። ማዕዘኑን በስኳድራ አዩት። መበየድ ያለበት መስመር ስላነሰ ሳጥኑ የሚጣመምበት ሙቀትም አነሰ። ብየዳውን በአንድ ጊዜ አልጎተቱትም። እዚህ ነጥብ፣ ማዶ ነጥብ እያደረጉ፣ እስኪበርድ እየጠበቁ ሞሉት።

ከዚያ ቀዳዳው መጣ። ላሜራው ከሌንሱ ፊት በራቀ ቁጥር የሳጥኑ ጠርዝ በምስሉ ዳር ይገባል። ሌንሱ 50 ዲግሪ ስፋት የሚያይ ከሆነ ላሜራው በአንድ ሳንቲ ርቀት ላይ ሲቆም ቀዳዳው በየጎኑ ከሌንሱ ግማሽ ሳንቲ ያህል መስፋት አለበት። በሁለት ሳንቲ ርቀት ደግሞ አንድ ሳንቲ ያህል። ስለዚህ ካሜራዋን በተቻለ መጠን ወደ ፊት ለፊቱ ላሜራ ማስጠጋት ይሻላል። ያኔ ቀዳዳው ጠባብ ይሆናል፤ ጠባብ ቀዳዳ ደግሞ የጅብ ጥርስም የሌባ ጣትም አያስገባም። ለሴንሰሩ ግን መሰሰት አይገባም። ሌንሱ ጠርዝ ካየ በፎቶው ላይ ጥቁር ዳር ይታያል፤ ሰውም ጉድለቱን ያውቃል። ሴንሰሩ ሲጋረድ ምንም ምልክት የለም። ከጎን የሚመጣው እንስሳ ሳይነሳ ያልፋል፤ ተመራማሪዋም እንስሳው የለም ብላ ትጽፋለች። በጥናት ላይ ከዚህ የከፋ ስህተት የለም።

በያጁ የወጣውን ቀዳዳ አዩና አሰቡበት። “ዝናብ ይገባል ልጄ። መስታወት ላድርግበት? ከመኪና መስኮት የተረፈ አለኝ።”

“ሌንሱ ላይ ቢደረግ ያያል፤ ሴንሰሩ ላይ ከተደረገ ግን ያበቃላታል” አለችና ካሜራዋን በሙከራ መቼት ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት። በዚህ መቼት ካሜራዋ እንቅስቃሴ በያዘች ቁጥር ፊቷ ላይ ትንሽ መብራት ይበራል። በያጁ እጃቸውን ከፊቷ ሲያሳልፉ በራች። የመስታወቱን ቁራጭ ከፊቷ አቁመው እጃቸውን እንደገና አሳለፉ። አልበራችም። ደገሙት፤ አልበራችም። መስታወት ለዓይናችን ግልጥ ይሁን እንጂ የሰውነት ሙቀት ለሚያወጣው ጨረር ግድግዳ ነው። ወፍራም ጥርት ያለ ፕላስቲክም እንዲሁ ያደርጋል። በሴንሰሩ ላይ የምናየው ነጭ ሽፋን ያንን ጨረር እንዲያሳልፍ ተብሎ ከተመረጠ ስስ ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ በላዩ ላይ ሌላ ነገር መደረብ የለበትም። መስታወት ከሌሊት መብራቱ ፊት ከተደረገም ብርሃኑን ወደ ሌንሱ መልሶ ምስሉን በነጭ ጉም ይሸፍነዋል።

ሰውየው መስታወቱን ወደ ጥግ መለሱና ሌላ መላ አመጡ፦ ከቀዳዳው በላይ ወደ ፊት የምትወጣ አጭር የላሜራ ቆብ። ቆቧ ዝናብና የቀትር ፀሐይ ትከልላለች። ርዝመቷ ግን በዚያው ስሌት የተገደበ ነው፤ ትንሽ ካለፈች ከላይኛው የምስሉ ጠርዝ ትገባለች። እዚያው በካሜራዋ እያነሱ፣ እያዩ፣ በሞረድ እየበሉ አስተካከሏት። ከሥሩ ሁለት ቀዳዳ በትራፓኖ በሱለት፤ የገባው ውሃ መውጫ ስለሚሻ፣ ሌሊት ብረቱ ላይ የሚጠራቀመው እርጥበትም እንዲወርድ።

የሳጥኑ ውስጥና የቀዳዳው ጠርዝ ጥቁር፣ የማያብለጨልጭ ቀለም ይቀባል። የሌሊት መብራቱ የሚያወጣው ጨረር ጥሬ ብረት ላይ ካረፈ ይነጥርና ፎቶውን ያነጣል። እግረ መንገዴን፦ የመብራቱ ዓይነት ራሱ የጥበቃ ጉዳይ ነው። 850 ናኖሜትር የሚያወጡት አምፖሎች ሩቅ ያበራሉ፤ ሲበሩ ግን ደብዛዛ ቀይ ፍም ይታይባቸዋል፤ በጨለማ የሚያልፍ ሰውም ያያቸዋል። 940 የሚያወጡት ለሰው ዓይን አይታዩም፤ ርቀታቸው ግን ያጥራል። ሰው በሚበዛበት ቦታ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ያልታየ ካሜራ ሳጥኑ እንኳ አይፈተንም።

ከውጭ ያለው ቀለም የቦታው ነው። ሳጥኖቹ በሚሄዱበት፣ በባሌ ተራሮች ባለው ሐረና ጫካ ውስጥ ግንዱ ሁሉ በአረንጓዴ የዛፍ ሽበት ተሸፍኗል፤ ስለዚህ አንቲራስቱ ከደረቀ በኋላ ቡናማና አረንጓዴ በጨርቅ እየተነካካ ተቀባ። ሳጥኖቹ ወዲያው ወደ ጫካ አይሄዱም፤ ሜዳ ላይ ፀሐይና ዝናብ እየመታቸው ሳምንታት ይቆያሉ። የአዲስ ቀለምና የማሽን ዘይት ሽታ ለሰው አፍንጫ ቶሎ ይጠፋል፤ ለአራዊት ግን አይጠፋም።

ቁልፉ ላይ በያጁ አስተማሪ ሆኑ። ተመራማሪዋ ትልቅ ጓጉንቸር ገዝታ ነበር። “ትልቅነቱ ምን ያደርጋል?” አሉ፤ “ሌባ ቁልፉን አይከፍትም፣ ቀለበቱን ነው የሚቆርጠው። ቀለበቱ እንዳይያዝ ነው ማድረግ።” ከወፍራም ቱቦ አጭር ቁራጭ ቆርጠው በሳጥኑ ጎን በየዱ። ጓጉንቸሩ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ሲቆለፍ የሚታየው የቁልፍ ማስገቢያው ብቻ ነው፤ መቁረጫ አፍ የሚያስገባበት ቦታ አያገኝም። የማጠፊያውም ፒን ጫፍና ጫፉ ተበየደ። በሩ የቱንም ያህል ቢቆለፍ፣ ፒኑ በምስማር ተመትቶ ከወጣ በማጠፊያው በኩል ይከፈታልና።

ሳጥኑ ዛፍ ላይ የሚያዝበት መንገድ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። በሌላ አገር የግል መሬታቸው ላይ የሚያድኑ ሰዎች ረጅም ብሎን ከሳጥኑ ውስጥ ወደ ግንዱ ያስገባሉ፤ በሩ ሲዘጋ የብሎኑ ራስ ውስጥ ይቀራል፣ ማንም ሊፈታው አይችልም። አስተማማኝ ነው። ባሌ ተራሮች ግን ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ነው። የመቶ ዓመት ኮሶ ወይም ዝግባ ላይ ብሎን ማስገባት ለእኔ ተቀባይነት የለውም፤ ቁስሉ የተባይና የመበስበስ በር ነው። ስለዚህ ከሳጥኑ ጀርባ ሁለት አግዳሚ ቱቦ ተበየደ፤ በቱቦዎቹ ውስጥ የብረት ገመድ አልፎ ግንዱን ይዞራል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ተመልሰው ሳጥኑ ውስጥ ይቆለፋሉ። ግንዱና ገመዱ በሚገናኙበት ቦታ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ይገባል፣ ልጡን እንዳይበላ። ጥናቱ ሲያልቅ ሁሉም ይነሳል።

ከጫካው በላይ፣ ወደ ሳነቴ አምባ ሲወጣ ይህም አይሠራም። በ4,000 ሜትር ከፍታ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል በሚያድንበት ሜዳ ከጅብራ በቀር ግንድ የሚባል የለም፤ ጅብራም ሸክም አይችልም። እዚያ የሚያስፈልገው ከአንጎላሬ የተቆረጠ አጭር ምሰሶ ነው። እግሩ ላይ መስቀለኛ ብረት ይበየድና በድንጋይ ክምር ውስጥ ይቀበራል። ሳጥኑ በጉልበት ቁመት፣ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ዞሮ ይቆማል። ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ከዞረ የጠዋት ወይም የማታ ፀሐይ በቀጥታ ይገባበታል።

ይህ ሁሉ ብረት ምን ያህል ያስጥላል? ጅብና ጃርትን፣ ዝንጀሮን፣ መንገድ ላይ ያየውን የሚያነሳ ሰውን ያቆማል። ዝሆን የፈለገ እንደሆነ ገመዱንም ይበጥሳል። ግራይንደርና ጊዜ ያለው ሰውም ይከፍተዋል። ሳጥኑ ጊዜ ነው የሚገዛው፤ ድምፅና ድካም ይጨምርበታል እንጂ የማይከፈት ሳጥን የለም። ብዙ ጊዜ ደግሞ ካሜራ የሚሰብረው ሰው ሌባ አይደለም። ማገዶ ለቅማ ስትመለስ ፎቶ የተነሳች ሴት፣ ማር ለመቁረጥ የገባ ገበሬ፣ “ይህ ነገር ሊሰልለን ነው” ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ስጋቱ የሚወገደው በቅድሚያ በመነጋገር፣ ሰው የሚሄድበትን መንገድ በመተውና በስህተት የተነሳን ሰው ምስል በማጥፋት ነው። የሐረና ሰው ቀፎውን በረጅም ዛፍ ላይ ሰቅሎ ለወራት ትቶት ይሄዳል፤ ጎረቤቱም አይነካበትም። ስለዚህ በጫካ ውስጥ የሰው ንብረት ማክበር ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም፤ የሚያስፈልገው ንብረቱ የማን እንደሆነና ለምን እንደተቀመጠ ማሳወቅ ነው።

በሙኒክ ከተማ መናፈሻዎች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናትም ይህንኑ ይደግፋል። ተመራማሪዎቹ ሳይንሳዊ መሣሪያ የሚመስሉ ዕቃዎችን ሦስት ዓይነት ጽሑፍ ለጥፈው ሜዳ ላይ ተዉ፦ አንዱ ደረቅ ማስታወቂያ፣ አንዱ ማስፈራሪያ፣ አንዱ ከተመራማሪው የተጻፈ ግላዊ መልእክት። ሰው በትንሹ የነካው ግላዊውን ነው። ማስፈራሪያው የዚያን ያህል አልረዳም። ለሐረና ሳጥኖች የተዘጋጀው ጽሑፍም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ነው። “ይህ መሣሪያ የእንስሳት ፎቶ ያነሳል። የማስተርስ ጥናቴ በሱ ላይ የተመሠረተ ነው። ጥያቄ ካለዎት በሪራ መንደር ያለውን የፓርኩን ስካውት ይጠይቁ” ይላል። “በሕግ ያስጠይቃል” የሚለውን መስመር ተመራማሪዋ ራሷ ሰርዛዋለች።

ጓጉንቸሮቹ ሁሉ በአንድ ዓይነት ቁልፍ እንዲከፈቱ ሆነው ተገዙ። ጉዳቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ቁልፍ ቢጠፋ ሁሉም ይጋለጣሉ። ጥቅሙ ግን ይበልጣል፤ በዝናብና በጉም ውስጥ ከአርባ ቁልፍ አንዱን የሚፈልግ ሰው ሳጥኑን ሳይዘጋ የሚሄድበት ቀን አይጠፋም። አንዱ ቁልፍ ተመራማሪዋ ዘንድ፣ አንዱ ዲንሾ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት፣ ሦስተኛው ስካውቱ ዘንድ ነው። ስካውቱ የተሰጠው ሥራ በየጊዜው እየዞረ የሸረሪት ድር ከሴንሰሩ ላይ መጥረግ፣ ተርብ ቤት ከሠራ ማንሳት፣ ከፊቱ ያደገውን ሣር ማጨድ፣ የሥሩ ቀዳዳ በጭቃ ከተደፈነ በሽቦ መክፈት ነው። ካርድ መቀየርም ለምዷል፤ የተቀየረበትን ቀንና የሳጥኑን ቁጥር በደብተር ይጽፋል።